ጓደኛን ወደ ሮክ ኮንሰርት ይዞ መሄድ፦ ከግብዣው ቀን እስከ ማግስቱ

ፉ ፋይተርስ የሚባለውን የሮክ ባንድ ከሃያ ዓመት በላይ ስሰማ ኖሬያለሁ። በመኪና ውስጥ፣ ወጥ ስሠራ፣ ሌሊት ከሥራ ስመለስ ከእኔ ጋር ነበሩ። ብቻዬን ሄጄ በመድረክ ያየኋቸው ምሽቶች ግሩም ነበሩ፤ አብሮ አደጌን ይዤ የሄድኩበት ምሽት ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል። ከእሷ በፊት አንድ ሌላ ወዳጄን ወስጄ ምሽቱ ተበላሽቶብን ነበር። ቀኑን ሙሉ ሥራ የዋለ ሰው እራት ሳይበላ፣ ጆሮው ሳይሸፈን፣ ከባንዱ ዘፈኖች አንድም ሳያውቅ ድምፅ ማጉያው ሥር አቆምኩት። በአምስተኛው ዘፈን ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ወጣ። ጥፋቱ የባንዱም የወዳጄም አልነበረም። እኔ ትኬት ቆረጥኩ እንጂ እንግዳ አልተቀበልኩም።

ሰው ቤታችን ስንጠራ ጾመኛ መሆን አለመሆኑን እናጣራለን፤ የሚቀመጥበትን እናመቻቻለን፤ ሲመሽ በምን እንደሚመለስ እናስባለን። ወደ ኮንሰርት ስንጠራውም ጋባዦቹ እኛ ነን። ባንዱ ዘፈኑን ያቀርባል፤ የቀረው ሁሉ በእኛ እጅ ነው። ከዚህ በታች ያለውን አሠራር ያገኘሁት ከዚያ የተበላሸ ምሽት በኋላ ነው። የምጽፈው በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምንኖር ሰዎች ነው። በሌላ ከተማ ያላችሁ የአዳራሾቹን ስም በከተማችሁ አዳራሾች ተኩት። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ጠይቁ፣ ቀኑንም መርምሩ

«የምወደው ባንድ ሊመጣ ነው፣ እንሂድ?» ማለት ብቻ አይበቃም። ምሽቱ ምን እንደሚመስል ንገሩት፦ ድምፁ ኃይለኛ ነው፤ ሦስት ሰዓት ያህል በእግራችን እንቆማለን፤ ሰው ይበዛል፤ ስንመለስ ይመሻል። ይህን ሰምቶ እሺ ያለ ሰው መሃል ላይ አይደነግጥም። ሕዝብ የሚያስጨንቀው ወይም ጆሮውን የሚያመው ከሆነ መቀመጫ ያለው ቦታ ፈልጉለት።

ከአዲስ አበባ የመጣ ጓደኛችሁ «እኔ ሮክ አልሰማም» ቢላችሁ ጃኖ ባንድን ያውቅ እንደሆነ ጠይቁት። በ2012 የወጣውን ኤርታሌ የተሰኘውን አልበማቸውን ያዘጋጀላቸው አሜሪካዊው ቢል ላዝዌል ነው። እዚያ ውስጥ የሚጮኸው ጊታርና የእኛው ቅኝት ሳይጣሉ አብረው ይሄዳሉ። ጃኖን የወደደ ሰው ፉ ፋይተርስን ለመስማት ሩቅ አይሆንም።

ቀጥሎ የቀን መቁጠሪያውን አውጡ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከትኬት ዋጋ በፊት የማየው ይህን ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ብዙ ኦርቶዶክሳውያን በእነዚያ ቀናት ዘፈን አይሰሙም፤ ወደ ጭፈራም አይሄዱም። የፍልሰታ ጾም ደግሞ በኦገስት ወር ውስጥ ይውላል፤ ያ ወር እዚህ አገር ትልልቅ ባንዶች በየስታዲየሙ የሚዞሩበት ነው። ጓደኛችሁ ሙስሊም ከሆነ ረመዳንን እዩ፤ በሌላውም ጊዜ የመግሪብ ሰላት ሰዓት ከበሩ መክፈቻ ጋር እንዳይጋጭበት አስቡ። ጴንጤ ጓደኛ ካላችሁና ዓለማዊ ዘፈን የማይሰማ ከሆነ አንድ ጊዜ በግልጽ ጠይቁት። «አልችልም» ካለ በዚያው ይብቃ፤ መጎትጎት ወዳጅነትን ይጎዳል።

ሦስተኛው ጉዳይ ሥራ ነው። እዚህ አካባቢ ብዙዎቻችን በፈረቃ እንሠራለን፤ በሆስፒታል፣ በመኪና ማቆሚያ፣ በታክሲ፣ በአውሮፕላን ማረፊያ። አብሮ አደጌ የሌሊት ነርስ ናት። ፈረቃዋን ከባልደረባዋ ጋር መለዋወጧን አረጋግጣ እስክትነግረኝ ድረስ ትኬት አልገዛሁም። የማግስቱን ጠዋትም አስቡበት። ሌሊቱን ቆሞ አምሽቶ በማለዳ ሥራ የሚገባ ሰው ኮንሰርቱን የሚያስታውሰው በድካሙ ነው።

ትንሹ አዳራሽ ይቅደም

ፉ ፋይተርስ ዛሬ ስታዲየም የሚሞሉ ባንድ ናቸው። ለጀማሪ ጓደኛ ግን ስታዲየም መልካም መግቢያ ነው ብዬ አላምንም። ከሩቅ መቀመጫ የዘፋኙ ፊት የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል፤ ድምፁም ዘግይቶና ተበታትኖ ይደርሳል። ስለዚህ አብሮ አደጌን መጀመሪያ የወሰድኳት ወደ ናይን ሰርቲ ክለብ ነበር፤ ያን ምሽት የሚጫወተው እምብዛም ዝና ያልነበረው ሌላ የሮክ ባንድ ነበር። ትኬቱ ርካሽ ነው፤ አዳራሹ ቅርብ ነው፤ ባይጥማት የምናጣው ትንሽ ነው። ድምፁ በደረት ሲመታ ምን እንደሚመስል እዚያ አወቀች፤ ቆሞ ማምሸቱንም ለመደችው። ከወራት በኋላ ስታዲየም ስንገባ እንግዳ ነገር አልሆነባትም።

ናይን ሰርቲ ክለብ 1,200 ሰው ያህል ይይዛል። በ1980 የተከፈተው በኤፍ ጎዳና ቁጥር 930 ላይ ነበር፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። በ1996 አሁን ወዳለበት ወደ ቪ ጎዳና ተዛወረ። የፉ ፋይተርስ መሪ ዴቭ ግሮል በልጅነቱ ኮንሰርት ይሰማ የነበረው በዚያ በአሮጌው ክለብ ነው። ያደገው በስፕሪንግፊልድ ቨርጂኒያ ነው፤ ዛሬ ብዙ ሐበሻ በሚኖርበት ሰፈር። ከቪ ጎዳናው ክለብ አጠገብ የአሮጌውን ክለብ መልክ ይዞ የተሠራ አትላንቲስ የተባለ 450 ሰው የሚይዝ አዳራሽ አለ፤ በሜይ 30 ቀን 2023 የከፈቱትም ፉ ፋይተርስ ናቸው። ከዚህ ከፍ ሲል በውኃው ዳር ያለው ዘ አንተም አለ። 6,000 ሰው ይይዛል፤ በ2017 ሲከፈት የመጀመሪያውን ኮንሰርት ያቀረቡት አሁንም እነሱ ናቸው። እነዚህን ታሪኮች የምነግራችሁ ለጓደኛችሁ እንድትነግሩ ነው። ባንዱ የማይታወቅ የሩቅ ሰው መሆኑ ቀርቶ የሰፈር ልጅ ይሆንለታል።

መቆም የማይችል ወይም ሕዝብ የማይወድ ጓደኛ ካላችሁ ቪየና ቨርጂኒያ ያለው ዎልፍ ትራፕ ጥሩ ነው። ሣሩ ላይ ተቀምጦ መስማት ይቻላል፤ ምግብም ከቤት ይገባል። ሰሌን አንጥፎ፣ እንጀራና ወጥ ዘርግቶ፣ በምሽት አየር ጊታር መስማት የራሱ ጣዕም አለው።

ትኬት አቆራረጥ

ትኬቱን ከአዳራሹ ድረ ገጽ ተነሥታችሁ ግዙ። በኢንተርኔት የባንዱን ስም ስትፈልጉ መጀመሪያ የሚወጡት ብዙ ጊዜ መልሰው የሚሸጡ ነጋዴዎች ናቸው፤ የአንዳንዶቹ ገጽ የአዳራሹን ገጽ ይመስላል። ከ2025 ሜይ ወር ጀምሮ በአሜሪካ የትኬት ሻጮች አስገዳጅ ክፍያዎችን ሁሉ ጨምረው ጠቅላላውን ዋጋ ከመጀመሪያው እንዲያሳዩ የፌዴራል ደንብ ያስገድዳቸዋል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ሌላ ክፍያ ብቅ ካለባችሁ ገጹን ተጠራጠሩ። ሜሪላንድም በ2024 ሻጩ ገና በእጁ የሌለውን ትኬት መሸጥን በሕግ ከልክላለች።

የቁም ትኬት ወይስ የወንበር ትኬት መሆኑን ሳታነቡ አትክፈሉ። የቁም ትኬት ከሆነ ቀድሞ የደረሰ ሰው ፊት ይቆማል። ሁለቱን ትኬቶች በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ግዢ ውሰዱ፤ ለየብቻ ከገዛችሁ መቀመጫችሁ ይለያያል።

ግብዣ ነውና ክፍያው የእናንተ ነው። ዋጋው ካልተቻለ ርካሽ ኮንሰርት ምረጡ እንጂ እንግዳን አታስከፍሉ። ጓደኛችሁ ባዶ እጄን አልሄድም ካለ እራቱን ይጋብዝ።

ትኬቱ አሁን በስልክ ነው የሚመጣው። አንዱን ወደ ጓደኛችሁ ስልክ ቀድማችሁ አስተላልፉለት፤ ብትለያዩ ለብቻው መግባት ይችላል። ደግሞም ቤት ሳላችሁ ስልኩ ላይ አስቀምጡት፤ በር ላይ ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጠቀም ኔትወርኩ ይዘጋል። የአንዳንድ ትኬት ምልክት በየጥቂት ሰከንዱ ስለሚለዋወጥ በፎቶ የተቀዳው አያስገባም።

ሦስት ዘፈን፣ አንድ ታሪክ

እዚህ ላይ ብዙ ወዳጆች ይሳሳታሉ። ሃያ ዓመት የሰማነውን ሁሉ በአንድ ሳምንት ልናስጨርሰው እንሞክራለን፤ አሥር አልበም እንልካለን፤ ጓደኛችን አንዱንም ሳይሰማ የኮንሰርቱ ቀን ይደርሳል። ሦስት ዘፈን ብቻ ላኩ። አንድ ፈጣን፣ አንድ ለስላሳ፣ አንድ ደግሞ ታዳሚው አብሮ የሚዘፍነው አዝማች ያለው ይሁን። በአንድ ቀን አትላኩ፤ በሳምንት አንድ ይበቃል። ባንዱ በዚህ ጉዞ ላይ የትኞቹን ዘፈኖች እንደሚጫወት ለማወቅ ሴትሊስት ኤፍ ኤም የተባለ ድረ ገጽ አለ፤ ያለፉት ምሽቶች ዝርዝር እዚያ ይገኛል። መድረክ ላይ የማይዘፈን ዘፈን አስተምሮ መውሰድ ከንቱ ድካም ነው።

አንድ ልምድ ልንገራችሁ። የፉ ፋይተርስ ኤቨርሎንግ የተባለው የ1997 ዘፈን በሁለት መልክ ይገኛል። አንዱ ሙሉው ባንድ በከባድ ጊታርና በድራም የሚጫወተው ነው፤ ሌላው ግሮል ብቻውን በአንድ ጊታር የሚዘፍነው ነው። ለአብሮ አደጌ መጀመሪያ የላኩላት ብቻውን የዘፈነውን ነው። ዜማውን ያዘችው። ከአራት ቀን በኋላ ሙሉውን ላኩላት፤ ጩኸቱ ውስጥ የምታውቀውን ዜማ ስለምትሰማ አልከበዳትም። የምትወዱት ባንድ እንደዚህ ለዝቦ የተቀዳ ዘፈን ካለው ከዚያ ጀምሩ።

ከዘፈኖቹ ጋር አንድ ታሪክ ንገሩት፤ ለእሱ ሕይወት የሚቀርበውን። ሥራ አጥቶ እንደገና ለጀመረ ጓደኛ ግሮል ከቀድሞ ባንዱ ከኒርቫና በኋላ እንዴት እንደተነሣ እነግራለሁ። በ1994 የኒርቫና ዘፋኝ ኩርት ኮቤይን ሲሞት የባንዱ ድራም መቺ ግሮል 25 ዓመቱ ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ወር ስቱዲዮ ገብቶ በአንድ ሳምንት ያህል የፉ ፋይተርስን የመጀመሪያ አልበም ቀዳ፤ ከአንዲት የጊታር ክፍል በቀር መሣሪያውን ሁሉ የተጫወተው ራሱ ነው። ጽናት ለሚወድ ጓደኛ ደግሞ የ2015ን ታሪክ እነግራለሁ። ጁን 12 ቀን ስዊድን ጎተንበርግ ላይ ከመድረክ ወድቆ እግሩ ተሰበረ፤ ታክሞ ተመልሶ ኮንሰርቱን ተቀምጦ ጨረሰ። ጁላይ 4 ቀን ደግሞ እዚሁ ዋሽንግተን፣ አር ኤፍ ኬ ስታዲየም፣ በጊታሮች ባጌጠ ዙፋን ላይ ተቀምጦ ዘፈነ።

ለአብሮ አደጌ የነገርኳት ግን የቴይለር ሆኪንስን ታሪክ ነው። ወንድሟ አዲስ አበባ ሲያርፍ እሷ እዚህ ነበረች። መርዶው ንጋት ላይ ተነገራት፤ ለቀብሩ አልደረሰችም፤ ለቅሶውን ሲልቨር ስፕሪንግ በሰው ቤት ተቀመጠች። ሆኪንስ የባንዱ ድራም መቺ ነበር። በማርች 25 ቀን 2022 በጉዞ ላይ ሳሉ ቦጎታ ኮሎምቢያ ውስጥ በ50 ዓመቱ ሞተ። ጓደኞቹ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ለንደንና ሎስ አንጀለስ ሁለት ትልልቅ የመታሰቢያ ኮንሰርቶች አደረጉ። ለንደን ዌምብሊ ላይ የ16 ዓመት ልጁ ሼን በአባቱ ቦታ ተቀምጦ ድራም መታ። በዚያው ዓመት የግሮል እናትም አረፉ። በቀጣዩ ዓመት ጁን ወር የወጣው አልበም ለሁለቱ መታሰቢያ ነው።

አብሮ አደጌ አልበሙን አንድ ቀን ሌሊት ከሥራ ስትመለስ ሰማችው። ጠዋት ደውላ «ይህ እኮ ለቅሶ ነው» አለችኝ። «እኛ ደረት እየደቃን እናለቅሳለን፤ እነሱ ከበሮ እየመቱ ያለቅሳሉ።» ከዚያ ወዲያ ሮክን ማስረዳት አላስፈለገኝም። ጩኸቱ ቁጣ ይመስላት ነበር፤ ሐዘን መሆኑን ራሷ ደረሰችበት።

ጆሮ

ይህን ክፍል ዝለሉት ብትሉኝ እንኳ እጽፈዋለሁ። የሮክ ኮንሰርት ድምፅ 100 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) መድረሱ፣ ማለፉም የተለመደ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም መለኪያ እንደሚለው ጆሮ 85 ዴሲቤል ድምፅ በቀን 8 ሰዓት ይችላል፤ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚቻለው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 100 ዴሲቤል ላይ የሚፈቀደው 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ኮንሰርቱ ደግሞ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ባወጣው መመዘኛ የአዳራሾች አማካይ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። ውስጥ ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንድ ጊዜ ከሞቱ አይተኩም።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ከፋርማሲ የስፖንጅ ጆሮ መድፈኛ ግዙ፤ ለሁለታችሁ፣ ትርፍም ጨምሩ። አገባቡን ቤት ውስጥ አለማምዱት፦

1. መድፈኛውን በንጹሕ ጣት አሽታችሁ እንደ ጧፍ አቅጥኑት።
2. በሌላው እጅ ከጭንቅላት በላይ ዞራችሁ የጆሮውን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡት፤ ቀዳዳው ቀጥ ይላል።
3. ቶሎ አስገቡትና ለ30 ሰከንድ ያህል በጣት ደግፉት፤ ስፖንጁ ተመልሶ ሲያብጥ ይሞላል።
4. የራሳችሁ ድምፅ ከውስጥ እንደሚመጣ ሆኖ ከተሰማችሁ በትክክል ገብቷል።

ጓደኛችሁ «ዘፈኑን አልሰማ ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል። ይሰማል፤ ጫጫታው ሲቀንስ ግጥሙ እንዲያውም ይለያል። ደጋግሞ የሚሄድ ሰው ለሙዚቀኞች የተሠራውን መድፈኛ ቢገዛ ድምፁ ሳይደፈርስ ይቀንስለታል። ለመጀመሪያ ቀን ግን ስፖንጁ ይበቃል። ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍነውን ትልቁን መከላከያ አድርጉለት።

የዕለቱ ሰዓት

ትኬቱ ላይ 7 ሰዓት የሚል ካለ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት መሆኑን ለጓደኛችሁ በቃል አረጋግጡለት። አዲስ መጤ ከሆነ ይህ ቀልድ አይደለም፤ ቀጠሮ በዚህ ይፈርሳል። ያ ሰዓት በር የሚከፈትበት ነው። ከዚያ ሌላ መድረክ ከፋች ባንድ ይጫወታል፤ ዋናው ባንድ ብዙ ጊዜ ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላ ይወጣል። ቆሞ መጠበቅ የሚያደክመው ሰው ከሆነ ከመድረክ ከፋቹ ጋር ድረሱ እንጂ በሩ ሲከፈት አትሂዱ።

ጓደኛችሁ ፓስፖርቱን ወይም የአሜሪካ መታወቂያውን ይያዝ። የቀበሌ መታወቂያ ዕድሜን በእኛ አቆጣጠር፣ በአማርኛ ስለሚጽፍ በር ጠባቂው አያነበውም፤ መጠጥ ለመግዛት ደግሞ 21 ዓመት መሙላትን ማሳየት ግድ ነው። ትልቅ ቦርሳ አትያዙ፤ አብዛኞቹ ቦታዎች የቦርሳ መጠን ይወስናሉ፤ ደንቡን ድረ ገጻቸው ላይ እዩ። ጫማ የተሸፈነና ዝቅ ያለ ይሁን። አዳራሽ ውስጥ ይሞቃል፤ ካፖርት በእጅ ይዞ ሦስት ሰዓት መቆም አሰልቺ ነው፤ ስለዚህ ሲገቡ ልብስ ማስቀመጫው ጋ አስረክቡ።

እራት ቀድማችሁ ብሉ። ናይን ሰርቲ ክለብ የምትሄዱ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ፤ የ9ኛው ጎዳናና የዩ ጎዳና ሐበሻ ምግብ ቤቶች በእግር ጥቂት ደቂቃ ናቸው። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ በያይነቱ እዘዙ። ጥጋብ ድረስ አትብሉ፤ ከባድ ክትፎ በልቶ መዝለል አይቻልም። በሜትሮ አረንጓዴው መስመር ስትመጡ ዩ ስትሪት ጣቢያ፣ በቨርሞንት ጎዳና በኩል ባለው መውጫ ውጡ።

ጊዜ ከተረፋችሁ ጓደኛችሁን በዚያ ሰፈር አንድ ዙር አዙሩት። በ1910 የተከፈተው ሃዋርድ ቲያትር ቅርብ ነው። የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን የዚህ ከተማ ልጅ ነው፤ ዩ ጎዳና አካባቢ ነው ያደገው። በ1973 ከነባንዱ አዲስ አበባ ሄዶ ተጫውቷል፤ ሙላቱ አስታጥቄ አስተናግዶታል፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ኒሻን ሸልመውታል። ከቤቱ ደጃፍ እስከ እኛ ከተማ የደረሰ ሰው በሄደበት ጎዳና እየተራመድን ነው አልኳት፤ አብሮ አደጌ ቆማ የሕንጻውን ፎቶ አነሣች።

አዳራሹ ውስጥ

ስትገቡ መጀመሪያ ሦስት ነገር አሳዩት፦ መውጫ፣ መጸዳጃ፣ ብትጠፋፉ የምትገናኙበት ቦታ። ስልክ ላይሠራ ይችላል፤ «ከልብስ ማስቀመጫው ጎን» ተብሎ በቃል መቀጠር ይሻላል። መነጋገርም ስለማይቻል ሦስት የእጅ ምልክት ተስማሙ። አውራ ጣት ማንሣት ደህና ነኝ ማለት ነው፤ ጆሮን መንካት ወደ ኋላ እንሂድ፤ በሩን መጠቆም እንውጣ።

ከፊት አትቁሙ። የድምፅ ባለሙያው ማቀነባበሪያውን ይዞ የሚቆምበት ጠረጴዛ ብዙ ጊዜ ከመድረኩ ትይዩ፣ አዳራሹ መሃል ወይም ኋላ ላይ ነው። ድምፁን የሚያስተካክለው እዚያ ሆኖ በሚሰማው ልክ ስለሆነ የተሻለው ድምፅ እዚያ አካባቢ ይገኛል። ጓደኛችሁ አጭር ከሆነ ጎን ያለውን ደረጃ ወይም ሰገነቱን ያዙለት። ከድምፅ ማጉያ ፊት ለፊት ግን በምንም ምክንያት አታቁሙት።

መድረኩ ፊት መሃል ላይ ወጣቶች ክብ ሠርተው እየተገፋፉ ሲዘሉ ታያላችሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ጠብ ይመስለዋል። ጥምቀት ላይ ታቦት ሲሸኝ ጎረምሶች ሆ እያሉ፣ ዱላ ይዘው ሲዘሉ ያየ ሰው ግን ይህን ያውቀዋል። እዚህም የወደቀ ካለ ዙሪያው ያለው ሁሉ ቆሞ ያነሣዋል። መግባት ከፈለገ ይግባ፤ መነጽሩንና ስልኩን እናንተ ያዙለት።

ዘፈን በሚዘፈንበት ጊዜ በጆሮው እየጮኻችሁ አታስረዱት። ስልክ አውጥታችሁም አትቅረጹ። በየአራት አምስት ዘፈኑ ዘወር ብላችሁ ፊቱን እዩ፤ ምልክቱን ጠይቁ፤ ውኃ አምጡለት። የምትወዱት ዘፈን እየተዘፈነ ወደ ውኃ መሸጫው መሄድ ያማል፤ አውቃለሁ። ያን ምሽት ግን ጋባዥ ናችሁ። እንውጣ ካለም ፊታችሁን ሳታጠቁሩ ውጡ፤ ደጅ አየር ወስዶ መመለስ የሚፈልግ ብዙ ነው።

ስታዲየም የሄድን ቀን ባንዱ ለሆኪንስ መታሰቢያ ያደረገውን ዘፈን ሲጀምር አብሮ አደጌ እጄን ያዘች። አላየኋትም። ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ነበር፤ ጫፉን ወደ ፊቷ ስታነሣ በጎን ታየኝ። ዘፈኑ እስኪያልቅ ዝም ብለን ቆምን። እንዲህ ያለ ጊዜ ቢመጣባችሁ ምንም አታድርጉ፤ አጠገቡ መቆማችሁ ይበቃል።

ብዙ ባንዶች አመስግነው፣ እጅ ነሥተው ከመድረክ ከወረዱ በኋላ ተመልሰው ይወጣሉ። ይህን የማያውቅ ሰው ቦርሳውን አንሥቶ ወደ በሩ ይሄዳል። የአዳራሹ መብራት እስኪበራ ምሽቱ እንዳላለቀ አስቀድማችሁ ንገሩት። ፉ ፋይተርስ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጉት በኤቨርሎንግ ነው፤ ያን ሳትሰሙ ለመኪና ብላችሁ እንዳትወጡ።

መመለሻና ማግስቱ

መጨረሻው የሜትሮ ባቡር የሚነሣበትን ሰዓት ከቤት ሳትወጡ እዩ። የታክሲ ዋጋ ሰው ሁሉ በሚወጣበት ሰዓት ይወደዳል፤ ሩብ ሰዓት መጠበቅ ወይም ሁለት መንገድ በእግር ማለፍ ይቀንሰዋል። በመኪና ከመጣችሁ የማይጠጣው ሰው ጋባዡ ይሁን። ቲሸርት ለመግዛት ካሰባችሁ ስትገቡ ግዙ፤ መጨረሻ ላይ ልኩ ያልቃል፤ ሰልፉም ረጅም ነው። ጓደኛችሁን እስከ ቤቱ በር አድርሱት።

መኪና ውስጥ «እንዴት ነበር? ወደድከው?» እያላችሁ አታስጨንቁት። ጆሮው ገና እየጮኸ ነው። ሬዲዮ አትክፈቱ። ጆሮው በማግስቱም መጮኹን ካላቆመ ወይም የታፈነ ከመሰለው ጥቂት ቀን ከጩኸት ይራቅ፤ ካልተሻለው ሐኪም ይየው።

ከሰዓት በኋላ፣ እንቅልፉን ከጠገበ በኋላ ደውሉለት። ስለ ድካሙ ጠይቁት፤ ስለ እግሩም። አብሮ አደጌ ያን ቀን ያወራችኝ ስለ ዘፈኑ አልነበረም፤ አጠገባችን ስለነበሩት አንድ ሽማግሌና የልጅ ልጃቸው ነበር። በሦስተኛው ቀን ነው «ያ ቀስ ብሎ የጀመረው ዘፈን ስሙ ማን ነበር?» ብላ የጠየቀችኝ። ጓደኛችሁ እንዲህ ከጠየቀ የጠየቀውን አንዱን ዘፈን ብቻ ላኩለት።